የቃኘው ምሽግ ግድግዳ እየተደረመሰብን ነው፣ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለፊልም ቀረጻ ሥፍራ (ሴት) ሠሪዎችና ለመብራት ባለሙያዎች።

የምንሠራው የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም ነው። ኮሪያ፣ 1953 እ.ኤ.አ.፣ ከዋናው መስመር ፊት ባለ ኮረብታ ላይ ሌሊቱን የሚጠብቁ አራት የቃኘው (በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ) ተራ ወታደሮች። የቆፈርነው ምሽግ 14 ሜትር ርዝመት፣ 1.6 ሜትር ጥልቀት፣ 90 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ተኩስ ከጫፍ ጫፍ እንዳይጠርገው እንደ እውነተኛው በየ4 ሜትሩ ይታጠፋል፤ ለካሜራም ተመችቶናል፣ መጨረሻው አይታይም።

ችግሩ አፈሩ ዋልካ መሆኑ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። አንድ ዝናብ ብቻ ዘንቦ የመታጠፊያው ግድግዳ ከሥሩ ተንሸራተተ። ግድግዳውን የደገፍንባቸውን የአፈር ጆንያዎች ወደ ግድግዳው ሳናዘነብል ቀጥ አድርገን መደርደራችን ስህተት ነበር፤ የኋላውን ግፊት አልቻሉም። እስኪስተካከል ማንም ተዋናይ አይገባበትም።

ያሰብነው የባሕር ዛፍ አጣና በየ60 ሳንቲሜትሩ ተክለን፣ አናቱን 2 ሜትር ወደ ኋላ በተመታ ችካል በሽቦ መወጠር ነው። ዋልካ ላይ ችካሉ ይይዛል? ወይስ 70 ሳንቲሜትር ብቻ ቆፍረን የቀረውን ከመሬት በላይ በጆንያ ብናነሳው ይሻላል? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ውኃውም በቀላሉ ይወጣል።

ሌላው መብራቱ ነው። ጦር ሜዳውን ለማብራት ተተኩሶ በፓራሹት የሚወርደውን የሌሊት ብርሃን ለማስመሰል ኤልኢዲ 4 ሜትር ምሰሶ ላይ ሰቅለን እናወዛውዛለን፤ ሙሌት መብራት (ጨለማውን ጎን የሚያደምቅ ሁለተኛ መብራት) ስንጨምር ግን የብረት ቆቡ ጥላ ፊታቸው ላይ ሁለት ይሆናል። ሙሌቱን በነጭ አቡጀዴ ላይ አንጥረን ብናለሰልሰው ይጠፋል? የሞከራችሁ ንገሩን።