የሜሞሪ ላይሰንስ ውል የቺፕ አምራቾችን ፉክክር የሚነካው በየት በኩል ነው? (የራምበስ ጉዳይ)

ኮረንቲ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሜሞሪ ገበያ ሲነሳ የራምበስ ስም አብሮ ይነሳል። ድርጅቱ ራሱ የሜሞሪ ቺፕ ፋብሪካ የለውም፤ ዲዛይንና ፓተንት ይዞ ላይሰንስ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ድርጅት ኢንቴልን የሚያህል ኩባንያ እንዴት አስሮ ይዞ ለተፎካካሪዎቹ ለኤኤምዲና (ፕሮሰሰር ሠሪ) ለቪአይኤ (ቺፕሴት ሠሪ) መንገድ ሊከፍት ቻለ? ጥቂት በመቶ ሮያሊቲ (ፓተንት ለመጠቀም ከሽያጭ የሚከፈል ድርሻ) ያን ያህል ለውጥ ያመጣል? ውሉን የምታውቁ ካላችሁ፣ ፉክክሩን የነካው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ብታስረዱኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉልኝ።

ባለሁለት_ቻናል

በመቶኛውን ለጊዜው ተወው። ኢንቴልን ያሰረው ሮያሊቲው አልነበረም። በኖቬምበር 1996 የተፈረመው ውል ኢንቴል እስከ 2002 መጨረሻ ድረስ የራምበስን ሜሞሪ (አርዲራም) የፒሲ ዋና ሜሞሪ አድርጎ እንዲደግፍ፣ ይህንንም ለትልልቆቹ የሜሞሪ አምራቾች እንዲያሳውቅ ያስገድደው ነበር። በምላሹ ኢንቴል 1 ሚሊዮን የራምበስ አክሲዮን በ10 ዶላር ሂሳብ የመግዛት መብት አገኘ። መብቱ የሚጸናው ግን ከሚሸጣቸው ቺፕሴቶች (ፕሮሰሰሩን ከሜሞሪው ጋር የሚያገናኙ ቺፖች) ቢያንስ 20 በመቶው በሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመታት አርዲራም የሚጠቀሙ ከሆኑ ብቻ ነው። በ2000 መጀመሪያ ላይ የአክሲዮኑ ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ልብ በል፤ የትኛው ሜሞሪ ይሻላል ብሎ በገለልተኝነት መምረጥ የነበረበት ኩባንያ ከአንዱ ሜሞሪ መሸጥ ተጠቃሚ ሆነ ማለት ነው።

ውሉ ጉዳት ያመጣው ቴክኒኩ ሲያስቸግር ነው። አርዲራም 16 የዳታ መስመር ብቻ ይዞ በ400 ሜጋኸርዝ በሁለቱም የሰዓት ጠርዝ ይልካል፤ 1.6 ጊጋባይት በሰከንድ ይሆናል። በጊዜው የተለመደው ባለ 64 ቢቱ ፒሲ133 ኤስዲራም ደግሞ 1.06 ብቻ። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ቺፖቹ በአንድ መስመር ላይ ተደርድረው ስለሚገናኙ ኮንትሮለሩ (ሜሞሪውን የሚያዝዘው ወረዳ) የቅርቡን ቺፕ መልስ ከሩቁ ጋር እኩል እስኪሆን ማዘግየት አለበት፤ ሜሞሪ በጨመርክ ቁጥር መዘግየቱ ያድጋል። ባዶ ስሎት መተው አይቻልም፤ መስመሩ እንዳይቋረጥ ማገናኛ ካርድ ይሰካበታል። የቦርዱ መስመሮች 28 ኦም ላይ በጥንቃቄ መጠበቅ አለባቸው። በፋብሪካ በኩል ደግሞ የቺፑ ስፋት ከኤስዲራም ይበልጣል፣ ማሸጊያው የተለመደው ርካሽ ዓይነት አይደለም፣ በዚያ ፍጥነት የሚፈትሽ ማሽንም ውድ ነው። የአርዲራምን ዋጋ የሰቀለው በዋናነት ይህ ነው፤ ሮያሊቲው በላዩ ላይ የተጨመረ ነው።

ከዚያ የሆነው ይታወቃል። አይ820 ቺፕሴት በሴፕቴምበር 1999 ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ሦስተኛው ስሎት ሲሞላ የዳታ ስህተት ታየ፤ በኖቬምበር በሁለት ስሎት ብቻ ወጣ። አርዲራም የተወደደባቸው ገዢዎች ኤስዲራም እንዲሰኩበት የተጨመረው አስተርጓሚ ቺፕ ደግሞ በኤሌክትሪክ ጫጫታ ምክንያት ሲስተሙን እያበላሸ በሜይ 2000 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ማዘርቦርድ ከገበያ አስጠራ። ኢንቴል ለፔንቲየም 4 አርዲራምን በአንድ ካርቶን እያሸገ እስከ መሸጥ ደረሰ። ኤኤምዲ በኦክቶበር 2000 ዲዲአር (የኤስዲራም ፈጣን ተተኪ) የሚቀበለውን 760 ቺፕሴት አወጣ። ኢንቴል ለፔንቲየም 4 የራሱን የዲዲአር ቺፕሴት ይዞ የመጣው 2001 ሊያልቅ ሲል ነው። ውሉ ለተፎካካሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ሰጣቸው።

የቪአይኤን ነገር ለብቻው እየው። በኦገስት 2001 ፔንቲየም 4ን ከዲዲአር የሚያገናኝ ቺፕሴት አወጣ፤ በሚቀጥለው ወር ኢንቴል ከሰሰው። የተከሰሰው ግን በሜሞሪው ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ባስ (ፕሮሰሰሩን ከቺፕሴቱ የሚያገናኘው መስመር) ላይሰንስ ነው። ክርክሩ በኤፕሪል 2003 በስምምነት እስኪዘጋ ብዙ ማዘርቦርድ ሠሪዎች ያንን ቺፕሴት ለመግዛት ፈሩ። ኤኤምዲ ከዚህ ወጥመድ የዳነው የአትሎንን ባስ ከዲጂታል ኩባንያ አልፋ ፕሮሰሰር በላይሰንስ ስለወሰደ ነው።

ውልና_ሕግ

ባለሁለት_ቻናል ያለው ስለ አርዲራም ትክክል ነው። ነገር ግን ራምበስ ትልቁን ገንዘብ የፈለገው ከአርዲራም ሳይሆን ከተፎካካሪው ከኤስዲራምና ከዲዲአር ነው። ይህ ካልተነሳ ጉዳዩ ግማሹ ነው።

ራምበስ የመጀመሪያውን የፓተንት ማመልከቻ ያስገባው በ1990 ነው። ማመልከቻው በኋላ ብዙ ቦታ ተከፋፈለ፤ የ1990ን ቀን እንደያዘ አዳዲስ የመብት ጥያቄ ሊጻፍበት ይችላል። ድርጅቱ ከ1992 እስከ 1996 የሜሞሪ ስታንዳርድ የሚያወጣው የጄዴክ አባል ነበር። ስብሰባ ላይ ሌሎቹ ስለ ኤስዲራም ሲነጋገሩ ይሰማል፤ በጎን ደግሞ ማመልከቻዎቹን ከሚሰማው ጋር እንዲገጥሙ ያስተካክላል። ክርክር የተነሳባቸው ቴክኒኮች አራት ናቸው፦ ፕሮግራም የሚደረግ የካስ መዘግየት (ሜሞሪው ዳታውን እስኪሰጥ የሚቆይበት ጊዜ)፣ ፕሮግራም የሚደረግ የበርስት ርዝመት (በአንድ ትእዛዝ ተከታትሎ የሚላከው ዳታ ብዛት)፣ በሁለቱም የሰዓት ጠርዝ መላክ፣ ሰዓቱን የሚያስተካክል በቺፑ ውስጥ ያለ ወረዳ።

«ለምን በሌላ አልተኩትም?» ትል ይሆናል። በ1993 ቢሆን ይቻል ነበር። መዘግየቱን በፋብሪካ ፊውዝ በማቃጠል ቋሚ ማድረግ ወይም ለብቻው ፒን መስጠት ይቻላል። በ2000 ግን የሞድ ሬጂስተሩ (በሜሞሪ ቺፑ ውስጥ እነዚህ ቅንብሮች የሚጻፉበት ቦታ) አሠራር በእያንዳንዱ ኮንትሮለር ታሳቢ ሆኖ ተቀርጿል፣ ባዮሱ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይጽፍበታል፣ የሞጁሉ ትንሽ ቺፕም ስንት እንደሚጻፍ ይናገራል። አንዱን ለመቀየር ቺፕ፣ ሞጁል፣ ማዘርቦርድና ባዮስ ሠሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ መስማማት አለባቸው። የላይሰንስ ሻጩ ኃይል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ፓተንቱ የሚያወጣው ዋጋ ስታንዳርዱ ከመጽደቁ በፊትና በኋላ ፈጽሞ አይገናኝም።

በ2000 ሂታቺና ቶሺባ ቀድመው ፈረሙ፣ ሌሎችም ተከተሉ። የተጠየቀው ለኤስዲራም 0.75 በመቶ፣ ለዲዲአር 3.5 በመቶ ነበር። አየኸው? ከራሱ ከአርዲራም ጋር የሚፎካከረው ዲዲአር ላይ ከበድ ያለው ተጫነ። ኢንፊኒዮን፣ ማይክሮንና ሃይኒክስ እምቢ ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ።

ውጤቱ ተዘበራረቀ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2006 ራምበስ በሕገወጥ መንገድ ሞኖፖል ያዘ አለ፤ በኤፕሪል 2008 የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱ ለፉክክር ሕግ ተማሪ ሊጠና የሚገባው ነው፦ ራምበስ ፓተንቱን ቢናገር ኖሮ ጄዴክ ሌላ ቴክኒክ ይመርጥ እንደነበር ካልተረጋገጠ፣ የቀረው ነገር ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ያ ብቻውን ተፎካካሪን ማስወጣት አይባልም። የአውሮፓ ኮሚሽን ግን በዲሴምበር 2009 ራምበስ ራሱ ባቀረበው ቃል አሰረው፦ ለኤስዲራምና ለመጀመሪያው ዲዲአር ቺፕ ዜሮ፣ ለዲዲአር2ና ለዲዲአር3 ቢበዛ 1.5 በመቶ፣ ለአምስት ዓመት።

ኮረንቲ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የአውሮፓው 1.5 በመቶ ለሜሞሪ ቺፕ ነው ወይስ ኮንትሮለር ለሚሠሩትም? ደግሞ ዛሬ አዲስ የሚገባ አምራች እንዴት ነው የሚያደርገው?

ዋፈር

ለኮንትሮለር የተለየ ነው፤ ለዲዲአር ዓይነቶች 2.65 በመቶ ሆኖ ከኤፕሪል 2010 በኋላ 2 በመቶ። መሠረቱም ይለያል፤ በመቶኛው በኮንትሮለሩ የመሸጫ ዋጋ ላይ ስለሚሰላ ከራሱ ከሜሞሪው የሚበልጥ ሳንቲም ሊወጣ ይችላል።

ከቁጥሩ በላይ ግን የአከፋፈሉን ቅርጽ ተመልከት። ሮያሊቲ የሚቆረጠው ከሽያጭ እንጂ ከትርፍ አይደለም። አንድ ቺፕ 4 ዶላር ሲሸጥ 3.5 በመቶው 14 ሳንቲም ነው። ዋጋው ወርዶ 1.50 ዶላር ሲሆን፣ ማምረቻው 2 ዶላር ቢሆንም እንኳ 5 ሳንቲም ከሩብ ትከፍላለህ፤ በኪሳራ ላይ ኪሳራ። ሜሞሪ በየጥቂት ዓመቱ ዋጋው የሚወድቅ ዕቃ ስለሆነ ይህ በጣም ያማል።

በኋላ የተፈረሙት ስምምነቶች ለዚህ ነው ቅርጻቸው የተቀየረው። ሳምሰንግ በጃንዋሪ 2010 በ200 ሚሊዮን ዶላር ቅድመ ክፍያ፣ በ200 ሚሊዮን የአክሲዮን ግዢና ለአምስት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ወደ 25 ሚሊዮን በሚጠጋ፣ በውሉ መሠረት በሚስተካከል ክፍያ ተስማማ። ኤስኬ ሃይኒክስ በ2013 በየሩብ ዓመቱ 12 ሚሊዮን፣ ማይክሮን በዚያው ዓመት ከ10 ሚሊዮን የማይበልጥ። ክፍያው ቋሚ ወይም ጣሪያ ያለው ሲሆን ተጨማሪ አንድ ቺፕ ማምረት ተጨማሪ ሮያሊቲ አያስከትልም። ብዙ የሚያመርት ሰው ለአንድ ቺፕ የሚደርሰው ሳንቲም እየቀነሰ ይሄዳል። በቁራጭ ወይም በመቶኛ የሚከፍል ትንሽ አምራች ያንን ዋጋ ተከትሎ መውረድ አይችልም። እኔን ብትጠይቀኝ በዚህ ገበያ ትልቁን ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ስለ በመቶኛ የሚደረገው ጭቅጭቅ ግን ይጋርደዋል።

ስለ አዲስ ገቢ፦ ሁለቱን የቻይና ኩባንያዎች አወዳድር። በሄፌይ ከተማ ያለው ሲኤክስኤምቲ የከሰረው የጀርመኑ ኪሞንዳ የሜሞሪ ፓተንቶች ላይሰንስና ከፊሉን ራሱን በ2019 መጨረሻ ከባለይዞታው ገዛ፤ በ2020 ከራምበስም ላይሰንስ ወሰደ። ሌላው፣ የፉጂያኑ ጂንኹዋ፣ ቴክኖሎጂውን ከታይዋኑ ዩኤምሲ ጋር ሲያዘጋጅ ማይክሮን ምስጢሬ ተሰረቀ ብሎ ከሰሰ። በኦክቶበር 2018 አሜሪካ በጥቁር መዝገብ አስገባችው፤ የማምረቻ መሣሪያ መግዛት ስላልቻለ ፋብሪካው ቆመ። በ2024 የሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት ነፃ አለው፤ ግን አምስት ዓመት አለፈ።

ውል ስታነብ እነዚህን ፈልግ፦ ክፍያው ከምን ይሰላል (ከቺፑ፣ ከሞጁሉ ወይስ ከኮምፒውተሩ)፤ ጣሪያ አለው ወይ፤ ወደፊት የሚወጡ ትውልዶች ይካተታሉ ወይ፤ ኩባንያው ቢሸጥ ላይሰንሱ ለገዢው ይተላለፋል ወይ፤ ለሌላው የተሻለ ዋጋ ከተሰጠ ላንተም ይሰጣል ወይ። የመተላለፉን ነገር ብዙ ሰው ያልፈዋል። የማይተላለፍ ላይሰንስ የያዘ ፋብሪካ ሲሸጥ ገዢው ማሽኖቹን ብቻ ተረክቦ ፓተንቱን እንደገና መደራደር ይኖርበታል፤ ሻጩም ያንን ዋጋ ከመሸጫው ላይ ያጣል።