የዕቅድ ውይይት፦ ቅዝቃዜ በኩላሊት ሕዋስ ሽፋን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት (የጋራ ጥናት ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ)

አስተባባሪ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ ጥያቄ በጣም ሰፊ ነበር። ኩላሊት በ4 ዲግሪ ሲቀመጥ የኃይል ፍጆታው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል እንጂ አይቆምም። የሕዋሱ የኃይል ምንጭ የሆነው ኤቲፒ ሲመናመን ሶዲየምን ከሕዋሱ የሚያስወጣው የሶዲየም–ፖታሲየም ፓምፕ ይዳከማል፤ ሶዲየምና ክሎራይድ ይገባሉ፣ ውኃም ይከተላቸዋል፣ ሕዋሱ ያብጣል። ይህን እብጠት ከሽፋኑ ቅባት መበላሸት ለይተን እንለካ። ኩላሊቱን ከቄራ፣ ከበግ እናገኛለን፤ በቅዝቃዜ እስከ 24 ሰዓት እናቆየዋለን።

ባዮኬሚስት፦ ከአንድ በግ ግራውን በ0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውኃ)፣ ቀኙን በሱክሮስ–ፎስፌት (ስኳር ያለበት መፍትሔ) እንጠብ፤ በቀጣዩ በግ እናገላብጥ። ሱክሮሱ 140 ሚሊሞላር ነው፣ በሊትር 47.9 ግራም። ሽፋኑን ስለማያልፍ ውኃውን ከሕዋሱ ውጭ ይይዛል። ለንቅለ ተከላ አካል ማቆያ የሆነው የዊስኮንሲን መፍትሔ ላክቶባዮኔትና ራፊኖስ የያዘውም ለዚሁ ነው።

የንቅለ ተከላ ነርስ፦ ዶክተር፣ ኩላሊቱ ሳይቀዘቅዝ የሚቆይበት የሙቀት ጊዜ ይጻፍልን። ከእርድ እስከ እጥበት ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ከ20 ደቂቃ ያለፈ ይጣል። የመፍትሔው ከረጢት ከኩላሊቱ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይጨመርበት፣ የሚወጣው ፈሳሽ እስኪጠራ ይታጠብ። ከዚያ በሦስት ከረጢት ይታሸግ። ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ከዜሮ በታች ስለሆነ በውኃ ይቀላቀል፤ ኩላሊቱን ከነካው ዳር ዳሩን ወደ በረዶ ይለውጠዋል፣ የበረዶ ቅንጣት የቀደደውን ሽፋን የክምችቱ ጉዳት ነው ብለን እንሳሳታለን።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ሽፋኑ ሲቀደድ ከሕዋሱ የሚወጣው ኢንዛይም ኤልዲኤች በዚያው ቀን ይነበብ፣ ናሙናው ወደ በረዶ አይለወጥ። ቀይ የደም ሕዋስ በኤልዲኤች የበለጸገ ነው፤ ፈሳሹ ከቀላ ውጤቱ አይያዝ። ደግሞ 24 ሰዓት ለምን? በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ንቅለ ተከላ ከሕያው ለጋሽ ነው፤ የቅዝቃዜው ጊዜ አጭር ነው።

አስተባባሪ፦ 24 ሰዓቱ ከሟች ለጋሽ ለሚወሰድ ኩላሊት የሚያስፈልገን መረጃ ነው። 2 ሰዓትም እንጨምር፣ ያንተን ጥያቄ ይመልሳል። ከየጊዜው በኋላ ከኩላሊቱ የተቆረጡ ቁራጮችን በ37 ዲግሪ፣ ኦክስጅን በሚነፋበት ፈሳሽ 1 ሰዓት እናሙቅ፤ የቅባቱ ጉዳት ጎልቶ የሚወጣው ሲሞቅ ነው።

ባዮኬሚስት፦ አንድ ከባድ ችግር አለ። እብጠቱን በ105 ዲግሪ አድርቀን በክብደት ልዩነት ብቻ ከለካን፣ በሕዋሶች መካከል የቀረው ሱክሮስ የደረቀውን ክብደት ይጨምራል። ያኔ ሱክሮስ ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ ሙሉው ኩላሊት ከእጥበት በኋላና ከክምችት በኋላ ይመዘን። የቅባት መበላሸት ምልክት የሆነውን ማሎንዲአልዴሃይድንም በ532 ናኖሜትር ብርሃን ስናነብ ሱክሮስ ከአሲድ ጋር ሲሞቅ ራሱ ቀለም ይሰጣል፤ ሱክሮስ የያዘ ባዶ ናሙና (ቲሹ የሌለበት ማነጻጸሪያ) ካልተዘጋጀ እኔ ውጤቱን አልፈርምበትም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ልክ ነው። ባዶ ናሙናውን በሦስት የሱክሮስ መጠን አዘጋጃለሁ፤ ቲሹው ከመፈጨቱ በፊት የኦክሳይድ መከላከያ ቢኤችቲም ይጨመር፣ አለበለዚያ ማሞቂያው ራሱ ቅባቱን ያበላሸዋል።

አስተባባሪ፦ ሁለቱም በረቂቁ ገብተዋል። የቀረው ከቄራው የእንስሳት ሐኪም ጋር የናሙና ፈቃድ ነው።