ባለ 23 ቻናል አሮጌ ሲቢ ሬድዮ (እንደ ትራክ ነጂ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚያወሩበት)፣ የማይኩን ማውሪያ ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ምን ልፈትሽ?

የሱሉልታ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ አሜሪካ ብዙ ዘመን ትራክ ሲነዳ ኖሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ ሲቢ ሬድዮ ሰጠኝ፣ ጃፓን የተሰራ ባለ 23 ቻናል፣ ከባድ የብረት ቦዲ ያለው፣ በጣም ነው የወደድኩት። ከፍቼ አቧራውን በብሩሽ አጸዳሁትና በ12 ቮልት አዳፕተር ሳበራው መብራቱ ይበራል ሽሽሽ የሚለውም ድምጽ አለ ግን ከስሩ እምምም የሚል ነገር አለበት፣ ደሞ ከ5 እስከ 8 ያሉት ቻናሎች ጭጭ ነው የሚሉት ሌላው ግን ይሰራል። ማይኩን እስካሁን አልተጫንኩም ምክንያቱም አንቴና የለኝም፣ የሰፈር ልጅ ዝም ብለህ ሽቦ ሰክተህ አውራበት ይለኛል። ሳሪስ ያለ ጓደኛዬም ሲቢ ስላለው ከሱ ጋ አየር ላይ ብንሞክረው ብዬ አስቤ ነበር። ከየት ልጀምር?

ካቻቢቴ፦
እምምም የሚለው ከአዳፕተሩ ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳትነቅል በባትሪ ሞክረው፣ የባጃጅም ባትሪ ይበቃዋል። በባትሪም ካልጠፋ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደርቀዋል ማለት ነው፣ ከዚህ እድሜ በኋላ ደሞ ያለ ነው።

አቃቂ_ሬድዮ፦
ማይኩን አለመጫንህ ሬድዮውን አድኖታል። ያለ አንቴና ወይ በዘፈቀደ ሽቦ ከተጫንከው ጉልበቱ መውጫ አጥቶ ይመለስና የመጨረሻውን ትራንዚስተር ይበላዋል፣ የዛን ዘመን ትራንዚስተር ደሞ ኦሪጅናሉን ማግኘት ፈተና ነው ገበያው በፎርጅድ ተሞልቷል።

አሁን ወደ ቻናሎቹ ልምጣ። ከ5 እስከ 8 ብቻ መሞታቸው ብዙ ነገር ይነግርሃል። ባለ 23 ማለት አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ 40 ቻናል ከማሳደጋቸው በፊት የነበረው ዘር ነው፣ ያኔ ለየቻናሉ ክሪስታል (ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው እቃ) ማስገባት ውድ ስለነበር ጥቂት ክሪስታሎችን እያዳቀሉ ነው ፍሪኩዌንሲውን የሚያወጡት። የተለመደው 14 ክሪስታል ነው፣ 6ቱ ቻናሎቹን አራት አራት እያደረጉ ይይዛሉ፣ አንዱ 1-4፣ ሁለተኛው 5-8፣ እንዲህ እያለ እስከ 21-23 ይሄዳል፣ ከቀሩት 8ቱ ደሞ 4ቱ ለመቀበያ 4ቱ ለማስተላለፊያ። ከመቀበያዎቹ አንዱ ቢሞት ኖሮ በየአራት ቻናሉ አንድ እየዘለለ ነበር ጭጭ የሚልብህ። ስለዚህ ያንተ ወይ የሁለተኛው ምድብ ክሪስታል ነው ወይ የቻናል መቀየሪያው ውስጡ ቆሽሿል።

መጀመሪያ መቀየሪያው ውስጥ ኮንታክት ክሊነር ነፋ አድርግና ከዳር እስከ ዳር ደጋግመህ አዙረው። ካልተመለሰ የ5-8ን ክሪስታል ከ9-12ቱ ጋር በካውያ ነቅለህ አቀያይር። ዝምታው ወደ 9-12 ከሄደ ክሪስታሉ ነው፣ እዛው ከቀረ መቀየሪያው ወይ መስመሩ ነው። ተቀያይረው ባሉበት ሰዓት ግን በፍጹም እንዳታስተላልፍ፣ እነዛ ቻናሎች ከቦታቸው 50 ኪሎኸርትዝ ተዛንፈዋል። ባለቀለሞቹን ኮይሎች በብረት ካቻቢቴ እንዳትነካ አደራ፣ ውስጣቸው ያለው ፌራይት ቶሎ ነው የሚሰነጠቀው።

ማስተላለፉን ለመሞከር አየር ላይ መውጣት አያስፈልግህም። ባለ 150 ኦም ባለ 2 ዋት የካርቦን ሬዚስተር ሶስት ገዝተህ በፓራለል በያቸውና በአንቴናው ቦታ ስካቸው፣ 50 ኦም ይሆኑልሃል። ሽቦ የተጠመጠመበትን አይነት አትግዛ እሱ ራሱ ኮይል ነው። ከዛ ሞገዱን ወደ ዲሲ እንዲቀይሩልህ 1ኤን4148 ዳዮድና 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጨምረህ በቴስተር ዲሲ ለካ። 4 ዋት 50 ኦም ላይ 20 ቮልት ፒክ ነው፣ ዳዮዱ ትንሽ ስለሚወስድ 19 እና ከዛ በላይ ካየህ ሙሉ ጤነኛ ነው፣ ግን እሱ ሬድዮው 13.8 ቮልት ሲያገኝ ስለሆነ በባትሪ 16 ወይ 17 ቢያሳይህ አትደንግጥ። ሳታወራ ለካ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ።

ድምጽህን መስማት ከፈለግክ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ አርቲኤል ኤስዲአር የሚባል ትንሽ ሬድዮ መቀበያ ካለው ሰው ተዋስ፣ ከ24 ሜጋኸርትዝ ጀምሮ ስለሚቀበል 27 ውስጡ ነው። ቻናል 19 ላይ አድርገህ 27.185 ላይ ቀጥ ያለ መስመር ስክሪኑ ላይ ታያለህ፣ በሄድፎን ደሞ የራስህን ድምጽ ትሰማለህ፣ ድምጹ ከተሰባበረ ወይ ከደከመ ማይኩን ፈትሽ።

የሱሉልታ_ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በባትሪ ሲሆን እምምም የሚለው ጠፋ። መቀየሪያውን አጽድቼ ምንም ለውጥ የለም፣ ክሪስታሎቹን ሳቀያይራቸው ግን 5-8 ነፍስ ዘርቶ 9-12 ጭጭ አለ!! መልሼ በየቦታቸው በየድኳቸው። ሬዚስተሮቹ ላይ 16.8 አነበብኩ። አሁን ክሪስታሉን ከየት ላምጣ? የሳሪሱስ ጉዳይ?

አምስት_ኪሎ፦
የሳሪሱ አይሆንም ወንድም፣ እንጦጦ መሃላችሁ ነው። 27 ሜጋኸርትዝ በ4 ዋት እንዲህ ያለ ተራራ አያልፍም፣ ሬድዮህ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምንም ስላልሰማህ ተበላሽቷል ብለህ መልሰህ ትፈታዋለህ። ሌላው ከዛ በላይ አስፈላጊው ነገር፣ እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይቻልም፣ አሜሪካ ማንም ገዝቶ ያወራበታል ማለት እኛ ጋ ይሰራል ማለት አይደለም። ፈቃዱን የሚመለከተው በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው፣ አንቴና ከመስቀልህ በፊት እነሱ ጋ ሄደህ ጠይቅ። በሬድዮ ማውራት ከልብህ ከወደድክ ደሞ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለውን የአማተር ሬድዮ ክለብ ጎብኝ፣ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። አማተር ከሲቢ የተለየ ፈቃድ ነው ግን 28 ሜጋኸርትዝ ላይ ጎረቤት ስለሆነ የተማርከው ሁሉ ይጠቅምሃል።

አቃቂ_ሬድዮ፦
16.8 በባትሪ በጣም ጥሩ ነው፣ እንኳን ደስ አለህ። ለክሪስታሉ ምናለሽ ተራ ሄደህ የሞተ ባለ 23 ቻናል ፈልግ፣ ቁጥሩ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል ካንተው ጋር አንድ አይነት መሆን አለበት፣ የሚቀርበውን ብለህ እንዳታስገባ ቻናሎቹ ይዛባሉ። ካላገኘህም ግድ የለም 19ኛው ይሰራልሃል።

አንቴናውን በተመለከተ ፈቃዱ ሲገኝ ለቻናል 19 ሁለት ሽቦ በየጎኑ 2 ሜትር ከ63 አድርገህ በ50 ኦም ኬብል መሃሉን ያዘው፣ ባህር ዛፍ እንጨት ላይ ከፍ አድርገህ ስቀል፣ ከመብራት መስመር ራቅ ይበል፣ በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ኬብሉን ንቀለው። ኤስደብሊውአር ሜትር (ከአንቴናው ምን ያህል ጉልበት ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያሳይ መለኪያ) ተውሰህ ቻናል 1 እና 23 ላይ ለካ፣ 1 ላይ ከበዛ ሽቦው አጥሯል 23 ላይ ከበዛ ረዝሟል፣ 3 ካለፈ አትጫን።

እስከዛው አዳምጥበት። ናሳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ጸሐይ የ11 አመት ዑደቷ ጣሪያ ላይ መድረሷን አስታውቋል፣ በዚህ ጊዜ 27 ሜጋኸርትዝ ቀን ቀን ይከፈትና ከአውሮፓ ድረስ ድምጽ ሊገባ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ክፈተው፣ የቻርጀሩና የኤልኢዲ አምፖሉ ጫጫታ ሁሉ ስለሚጠፋ የደከመው ድምጽ ሁሉ ይሰማሃል።