የእናቴ ተራ የደም ምርመራ ስለ ልቧ ምን ይናገራል?

የበኩር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ግፊትና ስኳር አለባት። ሰሞኑን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ማታ ማታ ጫማዋ ይጠብባታል። «እርጅና ነው» ብላ ዝም ታሰኘኛለች። በቅርቡ የተሠራላት ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና የኩላሊት ምርመራ እጄ ላይ አለ። ሄሞግሎቢን 10.8፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) 1.4፣ አርዲደብሊው 16.2። ከዚህ የልብ ድካም ስጋቷን ማወቅ ይቻላል?

የላብራቶሪ ሰው፦
ፍንጭ ይሰጣል። አርዲደብሊው የቀይ ደም ሴሎች መጠን ምን ያህል እንደሚለያይ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ከ14.5 በላይ ከፍተኛ ይባላል። የልብ ድካም ያለባቸው ላይ ከፍ ሲል ጥሩ ምልክት አይደለም። ግን የአይረን እጥረትም ከፍ ያደርገዋል፤ የእናትህ ሄሞግሎቢን ደግሞ ዝቅ ብሏል። አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ኢንተርማውንቴን የሚባለው የጤና ተቋም እነዚህን ተራ ምርመራዎች ከዕድሜና ከፆታ ጋር ደምሮ የስጋት ነጥብ አውጥቷል። ነጥብ ግን በሽታ አይለይም።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ እናታችን ምልክት አላት እኮ! ጥያቄው ስለ ወደፊቱ አይደለም። ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ የሚባል፣ ልብ ጫና ሲበዛበት ወደ ደም የሚለቀውን ንጥረ ነገር የሚለካ የደም ምርመራ አለ። ከ125 በታች ከሆነ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ዕድሜና ኩላሊት ከፍ ያደርጉታል፣ ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል። ካላገኛችሁት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ይሠራላት። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ትራስ ይደራርባሉ፤ ለመሆኑ እሷ በስንት ትራስ ነው የምትተኛው?

የበኩር ልጅ፦
በሦስት! ለወገቧ ነው ትለኝ ነበር።

ነርሷ፦
ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ውሰዳት። ዛሬ ማታ ተኝታ ትንፋሽ ካጠራት ግን ነገን አትጠብቅ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶችም ያዝ፣ በተለይ የሕመም ማስታገሻ ካለ።