ሳይስተናገድ የተመለሰውን ማን ይቁጠረው?

የሆጤ ልጅ፦ ያ ጀመዓ ሰላም ናችሁ? መስሪያ ቤቶች በየሩብ አመቱ ይሄን ያህል ተገልጋይ አስተናገድን እያሉ ሪፖርት ያቀርባሉ፣ ሳይስተናገድ የሄደው ግን የትም አይፃፍም። ባለፈው ለእናቴ አንድ ማስረጃ ላወጣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሬ በዛ ብርድ ተሰልፌ 5 ሰዓት ላይ ሲስተም የለም ተባልን፣ ከኋላዬ ህፃን ያዘሉ ሴትዮ ነበሩ ምንም ሳይሉ አንቀልባቸውን ጠበቅ አርገው ወጡ። እሳቸው የትኛው ሪፖርት ላይ አሉ? እኔ በር ላይ በግዴታ ይመዝገብ ባይ ነኝ።

ከቧንቧ ውሃ (የደሴ ሰፈር)፦ ወንድሜ እኔ መስኮት ላይ ነው የምሰራው። አንዱ ሰው ለአንድ ጉዳይ 3 ቀን ሲመላለስ 3 ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ደሞ እኔን የሚያስገመግመኝን ቁጥር ራሴው እንድመዘግብ ነው የምትለኝ፣ ማን በእውነት ይመዘግባል?

የኮምቦልቻዋ፦ ሁለታችሁም በር ላይ ቀራችሁ፣ ጭራሽ ያልመጣውስ? እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ቢሮው የሚያውቀው ቆጣሪ ላይ ያለፈውን ብቻ ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ ከተለቀቀ እኮ ቆጣሪው የሚያሳየው የተለቀቀውን እንጂ እኛ የምንፈልገውን አይደለም፣ ጎረቤቴ ደሞ ቆጣሪም የላት፣ ባለጋሪ ነው በጀሪካን የሚያመጣላት፣ ለውሃ ከኔ በላይ እየከፈለች ወረቀት ላይ ግን ውሃ የማትፈልግ ሰው ናት። ቤት ለቤት ናሙና ተወስዶ ይጠየቅ፣ ውሃ ከየት ታመጣላችሁ፣ ስንት ትከፍላላችሁ፣ የትኛውን ቢሮ ሄዳችሁ ተዋችሁት፣ ለምን ተዋችሁት።

ከቧንቧ ውሃ፦ እህቴ ናሙናውን ከምን ልታወጪው ነው? የቤቶቹ ዝርዝር የሚገኘው ከህዝብ ቆጠራ ነው፣ የመጨረሻው ቆጠራ እኮ የ1999ኙ ነው፣ ህገ መንግስቱ በየ10 አመቱ ይላል ግን ተራዝሞ ቀረ። ከዛ ወዲህ እናንተ ጋ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመረቀ፣ በ2014 ጦርነቱ መጣ፣ ስንቱ ገባ ስንቱ ወጣ።

የኮምቦልቻዋ፦ ቆጠራ እስኪመጣ ጎረቤቴ ጀሪካን እየገዛች ትጠብቅ? በየሰፈሩ ቤት የሚያውቁ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች አሉ፣ ስራ ስለሚበዛባቸው ይከፈላቸውና ከነሱ ጋር ይጀመር፣ የጎደለው እየተሞላ ይሄዳል።

የሆጤ ልጅ፦ እሺ በሷ ተስማምቻለሁ። መስኮት ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ አንተ ግን ሰውን መቁጠር ካስቸገረህ ሲስተም የጠፋበትን ሰዓትስ?

ከቧንቧ ውሃ፦ እሱ ይቻላል ወላሂ። ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ስንት ሰዓት ተመለሰ፣ የኔ ጥፋት ስላልሆነ የምደብቀው ነገር የለም። ሰኞ ደብተር እከፍታለሁ።

የሆጤ ልጅ፦ ያኔ ሰልፍ ላይ ስንት ሰው እንደነበረም ጨምርበት።