የእማዬን ዋይፋይ ከአሜሪካ ሆኜ ቆለፍኩት፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

የቨርጂንያው፦ ወገኖቼ፣ አሁኑኑ እርዳታ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ያለው የእማዬ ቤት ዋይፋይ ፓስወርዱ ሰፈሩ ሁሉ እጅ ገብቷል። ልቀይረው ብዬ በኤኒዴስክ (ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚያዝ ፕሮግራም) እዚያው ቤት ያለው የእህቴ ላፕቶፕ ላይ ገባሁ። አዲሱን ጻፍኩ፣ ሴቭ አልኩ፣ ወዲያው ተቋረጠ። የጎረቤት ልጅ አዲሱን በስልኩ ቢሞክር አልቀበልም ይለዋል። ነገ የልጄ የ80 ቀን ክርስትና ነው። እማዬ በቪዲዮ ልታይ ጓጉታለች። ምን ላድርግ?

ቀጭን ሽቦ፦ ሪሴት ነዋ፣ ራውተሩን (ዋይፋዩን የሚሰጠውን ሳጥን) እንደ አዲስ ማስጀመር። ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው።

አቡሽ፦ እንኳን ማርያም ማረችልህ! ለነገ ብቻ ከሆነ ለእናትህ የዳታ ጥቅል ላክላቸው። ዋይፋዩ ሰኞ ይደርሳል።

የቨርጂንያው፦ አሜን፣ ያኑርልኝ። ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ ደካማ ነው፣ ቪዲዮ አይችልም።

የመርካቶው ቴክኒሻን፦ ሪሴት እንዳታስነካ! መስመሩ በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚገባ ከሆነ ሪሴት እሱንም ያጠፋዋል። ያኔ ዋይፋይ ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔቱም ይሄዳል። እነሱ የተጻፉበት ወረቀት ቤት ውስጥ አለ? ከሌለ ቅዳሜ ማታ ማን ይሰጥሃል?

ሰላም፦ ወንድሜ፣ ግንኙነቱ የተቋረጠብህ ለምን መሰለህ? ላፕቶፑ ራሱ በዋይፋይ ነበር የተገናኘው። ስሙን ወይም ፓስወርዱን ስትቀይር የቆምክበትን ቅርንጫፍ ቆረጥክ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሩቅ ሲነካ ላፕቶፑ በኬብል መሆን አለበት። ደግሞ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ በቀጥታ ለኢንተርኔት የሚከፍቱ አሉ፣ እሱን በጭራሽ እንዳታደርግ። ማንም ያንኳኳዋል።

ቀጭን ሽቦ፦ እኔ ሁሌ ሪሴት ነው የማደርገው፣ ይሠራል።

የመርካቶው ቴክኒሻን፦ ያንተ መስመር ሌላ ይሆናል። አሁን ስማኝ፣ የቨርጂንያው። የራውተሩ ካርቶን ውስጥ አጭር የኔትወርክ ኬብል ይኖራል። ልጁ አንዱን ጫፍ ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ይሰካ። ዋን የሚለውን አይንካ። ኤኒዴስክ ተጭኖ፣ ሰው ሳይፈቅድ የሚያስገባ ፓስወርድም ከተሰጠው ስክሪኑ ቢቆለፍም ተመልሶ ይመጣልሃል። ከዚያ በብራውዘር 192.168.1.1 (የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ግባና የዓይን ምልክቷን ተጭነህ ምን እንደጻፍክ እይ።

የቨርጂንያው፦ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ የኬብል ቀዳዳ አለው። እማዬ ካርቶኑን ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጣዋለች። ልጁ ወንበር ላይ ወጥቶ እየፈለገ ነው።

ሐረግ፦ አንድ ጥያቄ። ፓስወርዱ ውስጥ @ አለ?

የቨርጂንያው፦ አዎ! እንዴት አወቅክ?

ሐረግ፦ እኔም ላይ ደርሷል። ያንተ ኪቦርድ የአሜሪካ፣ የእህትህ ላፕቶፕ ደግሞ የእንግሊዝ ኪቦርድ ላይ ከሆነ @ ስትጫን የጥቅስ ምልክት ሊጻፍ ይችላል። ስትጽፍ ነጠብጣብ ብቻ ስለሚታይ አታየውም። ልጁ በ@ ቦታ " አድርጎ ይሞክር። ካልሆነ ትልቅና ትንሹን ፊደል ይገልብጥ፣ ካፕስ ሎክ በርቶ ሊሆን ይችላል።

ሰላም፦ ይሄ ከኬብሉም ይቀድማል። መጀመሪያ ይሞክረው።

የቨርጂንያው፦ ልጁ ጋ እየደወልኩ ነው። ቆዩኝ።

አቡሽ፦ ምን ሆነ ታዲያ? እናትህ ክርስትናውን አዩ?