«መልእክትዎ አልደረሰም» የሚል ኢሜይል እየጎረፈብን ነው፤ ሰርቨራችን ተጠልፎ ይሆን?

የአዌቱ ዳሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ አነስተኛ የቡና ላኪ ድርጅት ነው የምሠራው። ሥራዬ የኤክስፖርት ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ ኮምፒውተር ስለምነካካ ግን የኢሜይሉም ጣጣ ወደ እኔ ዞሯል። የራሳችን ዶሜይን አለን። ኢሜይሉ የሚሠራው ውጭ አገር በተከራየነው ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ላይ ነው፣ ኢሜይል በሚልከው ፖስትፊክስና ኢንቦክሱን በሚያስከፍተው ዶቭኮት በተባሉ ፕሮግራሞች። ሰርቨሩን የተከለልን ልጅ አሁን አገር ውስጥ የለም።

ከሰኞ ጀምሮ የሒሳብ ሠራተኛችን ኢንቦክስ «መልእክትዎ ሊደርስ አልቻለም» በሚል ተጥለቅልቋል። የሚመለሰው እሷ ያልጻፈችው ነገር ነው፣ ለማታውቃቸው ሰዎች። እኛ የምንልከው ትክክለኛ ኢሜይል ደግሞ ጂሜይል ላይ ወይ ስፓም ውስጥ ይገባል ወይ ተመልሶ ይመጣል።

ትናንት ጀርመን ያለ ገዢያችን «የባንክ ሒሳብ ቀየራችሁ እንዴ?» ብሎ ጻፈልን። አልቀየርንም። ይሄ ከዚያኛው ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላወቅሁም። ከየት ልጀምር?

ፈረንጅ አራዳ

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ነው ዋናው። ሰርቨሩን ለጊዜው ተዪውና ስልክ አንሺ። ለገዢው ደውዪ፤ ቁጥሩን ግን ከድሮው ውል ላይ ውሰጂ። ኢሜይል ግርጌ ላይ ያለውን እንዳትጠቀሚ፣ እሱም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። «አዲስ ሒሳብ የለንም፣ እንዳትከፍሉ» በዪው። ከፍሎ ከሆነ ዛሬውኑ ባንኩ ሄዶ ክፍያው እንዲመለስ ይጠይቅ፣ እናንተም ለባንካችሁ አሳውቁ። ገንዘቡ ከደረሰበት ሒሳብ ከወጣ በኋላ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

የደረሰውን ኢሜይል ደግሞ ይላክልሽ። ዝም ብሎ ፎርዋርድ ካደረገው ሄደሩ (መልእክቱ በየት በየት እንዳለፈ የሚያሳየው መረጃ) ይጠፋል፤ እንደ ፋይል አያይዞ ይላከው።

የአዌቱ ዳሯ

ደወልኩ። አልከፈለም፣ ተመስገን! ኢሜይሉንም ላከልኝ። አድራሻው ሲታይ የእኛው ነው። ደጋግሜ ሳየው ነው የገባኝ፦ የእኛ ዶሜይን ውስጥ ኤም የሚለው ፊደል አለ፤ በእነሱ ላይ አር እና ኤን ተጠጋግተው ነው የተጻፉት። በትንሽ ስልክ ላይ ፍጹም አይለይም። የገረመኝ ግን ከሥሩ ከገዢው ጋር የተጻጻፍነው እውነተኛው መልእክት አለ፣ ኩንታሉም ዋጋውም ሳይቀር።

የኪቶ ልጅ

እንግዲያው ሰውዬው ኢንቦክሳችሁ ውስጥ ገብቶ ሲያነብ ነበር ማለት ነው። የገዢውም ተጠልፎ ሊሆን ስለሚችል እሱም ይፈትሽ። የእናንተን ግን ከተመለሱት ኢሜይሎች ማወቅ ይቻላል።

አንዱን ክፈቺና ከሥር የተያያዘውን የመጀመሪያ መልእክት ሄደር እዪ። «ሪሲቭድ» የሚሉ መስመሮች አሉ፤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበቡት። ከላይ ያሉትን የተቀባዩ ሰርቨር ስለሚጽፋቸው እነሱን እመኚ፣ የታችኞቹን ላኪው ሊፈጥራቸው ይችላል። ለተቀባዩ ያስረከበው ሰርቨር አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) የማታውቂው ከሆነ አንድ ሰው አድራሻችሁን አስመስሎ ከሌላ ቦታ እየላከ ነው፣ ሰርቨራችሁ አልተነካም። የእናንተው አይፒ ከሆነ ግን ስፓሙ ከቤታችሁ ነው የሚወጣው።

በእናንተ ሁኔታ ሁለተኛው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጂሜይል እናንተንም እየቀጣ ነው። የፖስትፊክስ ሎግ (የሥራ መዝገቡ) ላይ «ሳስል ዩዘርኔም» የሚለውን ፈልጊ። በማን ስም፣ ከየትኛው አይፒ እንደተገባ ይነግርሻል።

የአዌቱ ዳሯ

ልክ ነህ። አይፒው የእኛ ነው፣ ሎጉም ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስም ሌሊቱን ሙሉ ከውጭ አገር አይፒዎች እየገባ ነው። ስጠይቃት «የመልእክት ሳጥንዎ ሞልቷል፣ ለማስፋት እዚህ ይግቡ» የሚል መጥቶላት እንደነበር አስታወሰች። የተከፈተው ገጽ ቁርጥ የእኛን ራውንድኪዩብ (ኢሜይል በብራውዘር የምንከፍትበትን ገጽ) ነበር አለች። አሁን ፓስወርዷን ልቀይር?

የኪቶ ልጅ

አዎ፣ አሁኑኑ። ግን ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም። አስቀድሞ የገባው ሰው ግንኙነቱ ላይቋረጥ ስለሚችል ፖስትፊክስንም ዶቭኮትንም ሪስታርት አድርጊ። ከዚያ የኢንቦክሷን ፊልተር እዪ። እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ተክለው ነው የሚሄዱት፦ «ክፍያ» ወይም «ባንክ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ወደ እነሱ ይተላለፋል፣ ከእሷ ኢንቦክስ ደግሞ ይደበቃል። ይሄን ካላነሳሽ ፓስወርዱን አሥር ጊዜ ብትቀይሪው ማንበባቸውን አያቆሙም።

ወረፋው ላይ የተከማቸውን ስፓም ስታጠፊ ሁሉንም በአንድ ላይ እንዳታጠፊ፤ የእናንተም ትክክለኛ ደብዳቤ እዚያው ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። የእሷን ብቻ ለይተሽ አግጂ፣ አይተሽ አጥፊ። ሎጉን ግን አትንኪ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፣ ፖሊስ ጋ ብትሄዱ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ሂርማታ ገበያ

ይሄ ሁሉ ከሚሆን ሰርቨሩን ቢሮ አምጥታችሁ ብታስቀምጡትስ? ዓይናችሁ ሥር ይሆናል፣ ኪራይም ይቀራል።

ፈረንጅ አራዳ

ኧረ ተው ወንድሜ! የተሰረቀው ፓስወርድ ነው፤ ሰርቨሩ ጨረቃ ላይ ቢቀመጥም ይገቡበት ነበር። በዚያ ላይ መብራት ሲሄድ ምን ሊሆን ነው? የቢሮ ኢንተርኔት አይፒ ደግሞ ኢሜይል ለመላክ አይሆንም፤ ብዙ ሰርቨሮች እንዲህ ካለ መስመር የመጣን ገና በሩ ላይ ይመልሱታል።

ዲኤንኤስ ወዳጅ

ቀዳዳው ከተደፈነ አሁን ስማችሁን ወደ ማጽዳት ግቡ። ቅደም ተከተሉን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፦ ስፓሙ ሳይቆም ስፓም ላኪዎች ከሚመዘገቡበት ጥቁር መዝገብ ለመውጣት ያመለክታል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይገባል። አይፒያችሁን ይህን መዝገብ ከሚይዙት አንዱ በሆነው ስፓምሃውስ ላይ ፈትሹ። ከዚያ መሰረዝ በነፃ ነው፤ «ክፈሉና እናስወጣችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ጂሜይል ሲመልስባችሁ ቁጥሩን አንብቡ። በ4 የሚጀምር ጊዜያዊ ነው፣ ሰርቨራችሁ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። በ5 የሚጀምር የመጨረሻ ነው። 5.1.1 ከሆነ እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም። 5.7.26 ከሆነ ደግሞ «እናንተ መሆናችሁን አላረጋገጣችሁም» ነው፣ ማለትም ኤስፒኤፍ (በስማችሁ መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) እና ዲኪም (የደብዳቤው ዲጂታል ፊርማ) ላይ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ፌብሩዋሪ ወዲህ ጂሜይልና ያሁ በዚህ ላይ ጠብቀዋል። በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልክ ዲማርክም (ይህን ማረጋገጫ ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ የሚነግር መመሪያ) ግዴታ ነው፤ እናንተ ያን ያህል ባትልኩም አስገቡት።

የዲኤንኤስ መዝገባችሁን (የዶሜይናችሁ መረጃ የሚቀመጥበትን) እዪና ምን እንዳለ ንገሪን።

የአዌቱ ዳሯ

ኤስፒኤፍ የሚል መስመር ሁለት አለ፤ አንዱ ድሮ የማስታወቂያ ኢሜይል ለመላክ የገባ ነው። ዲኪም አለ። ዲማርክ የለም።

ዲኤንኤስ ወዳጅ

ሁለት ኤስፒኤፍ ካለ ምንም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። አንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ድሮውን አጥፊ፣ የሚያስፈልግ ከሆነም ከሌላው ጋር አዋህጂው። ዲማርኩን መጀመሪያ «ነን» (none፣ ምንም አታድርጉ) ብለሽ ጀምሪና ሪፖርቱን ተከታተዪ፤ የእናንተ ደብዳቤ ሁሉ እያለፈ መሆኑን ካየሽ በኋላ ወደ «ኳራንቲን» (ስፓም ውስጥ ክተቱት)፣ ከዚያ ወደ «ሪጀክት» (አትቀበሉት) አሳድጊው።

ሪቨርስ ዲኤንኤሱንም (አይፒው የማን ስም እንደሆነ የሚናገረውን መዝገብ) እዪ። እሱ የሚስተካከለው ዶሜይኑን የገዛችሁበት ቦታ አይደለም፣ ቪፒኤሱን ያከራያችሁ ድርጅት ገጽ ላይ ነው። ለአይፒቪ6ም (ለአዲሱ የአይፒ ዓይነት) መኖር አለበት። ለአይፒቪ4 ብቻ ተሞልቶ ሰርቨሩ በ6 ሲልክ ጂሜይል ይመልሰዋል፤ ይሄ ስንቱን ሲያደክም አይቻለሁ። ካልቻልሽ ፖስትፊክስ በ4 ብቻ እንዲልክ አድርጊ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፦ ይሄ ሁሉ ያንን አር እና ኤን ያለበትን ዶሜይን አያስቆመውም። እሱ የራሳቸው ዶሜይን ነው፣ ኤስፒኤፉም ዲማርኩም ተሟልቶ ሊያልፍ ይችላል። ለዶሜይኑ ሻጭ ድርጅት ሄደሩን አያይዘሽ ጠቁሚ።

ፈረንጅ አራዳ

ለሌሎቹም ገዢዎች ንገሪ እንጂ! ከአሁን በኋላ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ ተቀባይነት እንደሌለው፣ በስልክ ሳይረጋገጥ እንደማይከፈል ውላችሁ ላይ አስገቡት።

የአዌቱ ዳሯ

ፊልተሩ ነበረ፣ ልክ እንዳላችሁት! «ፔይመንት» የሚል ሁሉ ወደ ማናውቀው አድራሻ ሲሄድ ቆይቷል። አጠፋሁት። ኤስፒኤፉን አንድ አደረግሁ፣ ስፓምሃውስ ላይም አመለከትኩ። የሚመለሱት ኢሜይሎች ግን አሁንም ይመጣሉ። የቀረ ነገር አለ ማለት ነው?

የኪቶ ልጅ

ሎጉ ላይ በእሷ ስም አዲስ የሚወጣ ከሌለ አይደለም። ቀድሞ የወጣው ስፓም ሌሎች ሰርቨሮች ላይ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ አንድን መልእክት እስከ 5 ቀን ድረስ ይሞክሩና ነው ተስፋ ቆርጠው የሚመልሱት። ከሳምንት በኋላም ካልቆመ የአንዱን ሄደር እዚህ ለጥፊው።